ለእራት የሚደወለው የጉም ደወል

ለክቡር ሙስዩ ኤድሞን ሻልቪዳን፣ የሴርቪላን ከንቲባ

ባለ ሦስት ቀለሙ የክብር መቀነትዎ ከትከሻዎ ሳይንሸራተት፣ ጉልበትዎ ደረጃ ሳይፈራ፣ ጆሮዎም ከእንግዶች ጭብጨባ በቀር ሌላ ድምፅ ሳያስቸግረው ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የላይኛው መንደር ሰዎች ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት። ትነሣለች፣ ላሞቿን ታልባለች፣ ትተኛለች፤ ከዚህ የበለጠ ደህንነት እንዲሰጠን ማዘጋጃ ቤቱን አናስቸግርም።

ባስቲያን ሩቪዬር እባላለሁ። በእህቴ ቀብር ዕለት ራሴን ዳብሰው «በርታ ልጄ፣ እንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» ያሉኝ እኔን ነው። ተማሪ ነኝ፤ ሳምንቱን ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት አሳልፌ ዓርብ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ዕድሜዬ ለመምረጥ ስላልደረሰ በምክር ቤትዎ ድምፅ የለኝም። የቋንቋ መምህራችን ግን ለባለሥልጣን የሚቀርብ ቅሬታ ትሕትና ካልጎደለውና በቁጥር ከተለየ እስከ መጨረሻው የመነበብ ዕድል እንዳለው አስተምራናለች። ስለዚህ በቁጥር ለይቼ ጽፌዋለሁ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትም እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ አንብቦ እንዲያስታውስዎ ብዬ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በረዶ ሳይወርድ ደወሉ ወደ ላይኛው መንደር ማማ ይመለስ። ከዚህ ሌላ ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ስለ እንግዶቹ አመሰግናለሁ። አያቶቻችን እግራቸው እስኪላጥ የተመላለሱበትንና እየረገሙ ያረጁበትን ድንጋያማ ደጋ፣ ዛሬ ከሩቅ ከተማ የመጡ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲደክሙበት ማድረግ ቀላል ብልኃት አይደለም። «በእርጋታ እርምጃ» የተባለው የማዳም ቴሬሎን ድርጅት ከመንደር መንደር በእግር ያጉዛቸዋል፣ ሻንጣቸው በመኪና ይቀድማቸዋል፣ ማታ ደግሞ የአገሩ ምግብ ይጠብቃቸዋል። በቅጠል የተቀመመ ቋሊማ አለ፣ የጫካ እንጉዳይ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሊጎ አለ፤ ትኩስ ድንች ከለጋ አይብና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተመትቶ፣ በእንጨት ማማሰያ ወደ ላይ ሲስቡት እንደ ፈትል የሚረዝመው። እንግዶቹ ያን ጊዜ ያጨበጭባሉ።

እህቴ ክሌማንስ የነዚህ እንግዶች መሪ ነበረች፤ ሥራዋንም ትወደው ነበር። ይህን የምለው እንግዶችን ጠልቼ የጻፍኩ እንዳይመስልዎ ነው። ስንት ቀረን እያሉ ሲያስቸግሯት «ከዚያች ዛፍ ጀርባ ነው» ትላቸው ነበር። ደጋው ላይ ዛፍ የሚባል ነገር እንደሌለ የሚገባቸው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ሲነክሩ ነው፤ ያን ጊዜ ይሥቃሉ፣ እሷም አብራ ትሥቃለች። በሚቀጥለው ዓመት የሚመለሱት ስለ አሊጎው ይመስላቸዋል እንጂ ስለ እሷ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ደወሉ። ክቡርነትዎ ከታችኛው መንደር ስለሆኑ፣ የታችኛው መንደር ደግሞ የመንገድ መብራት ስላለው፣ ይህን ባያውቁ አይፈረድብዎትም። ላይኛው መንደር ቤተ ክርስቲያን የለም። ያለው አንድ የድንጋይ ማማ ነው፤ ማማው ላይ አንድ ደወል ነበረ። ለቅዳሴ አይደወልም፣ ለሠርግም አይደወልም። ልጆችን ለማለማመድ ካልሆነ በቀር የሚደወለው ጉም ወይም የበረዶ ውሽንፍር ሲወርድና ሰው ውጭ ሲቀር ብቻ ነው። ቤቱ ለማማው የቀረበ ሰው ይወጣና የመጨረሻው ሰው ደጁን እስኪረግጥ ድረስ ሳያቋርጥ ይደውላል። ለማማው የሚቀርበው የኛ ቤት ስለሆነ ደዋይዋ እናቴ ናት፤ ከእሷ በፊት እናቷ ነበረች። ደወሉ በጮኸ ጊዜ በየቤቱ መስኮት ላይ መብራት ይቀመጣል፣ ገበታው ላይ ደግሞ አንድ ትርፍ ሳህን ይጨመራል። ሳህኑ ለሚመጣው ሰው ነው፤ ዘመድ ይሁን ባዳ አይጠየቅም።

ማማውን ያቆሙት ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ከደጋው በየትኛውም በኩል ቢመጡ በእርስዎና በደወሉ መካከል ሣርና ድንጋይ እንጂ ሌላ ነገር የለም። እኛም በልጅነታችን የምንማረው ይህንኑ ነው፤ እግርህን አትመን፣ ዓይንህን አትመን፣ ደወሉን እመን። እኔን ያስተማረችኝ ክሌማንስ ናት። እናታችን ማማው ላይ ሆና ስትደውል እሷ ዓይኔን በአንገት ልብሷ አስራ ከግጦሹ ሜዳ ትለቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ መሬቱ ወደ ታች የሚወስደኝ መስሎኝ ቆሜ ተነጫነጭኩ። ከኋላዬ ሆና በጣቷ ማጅራቴን ገፋ አደረገችኝ።

«ባስቲ፣ አፍህን ዝጋና ጆሮህን ክፈት። መሬት ይዋሻል፤ ደወል አይዋሽም።»

ሦስተኛ፣ ስለ ምክር ቤቱ ውሳኔ። በሙሉ ድምፅ እንዳለፈ ቃለ ጉባኤው ይመሰክራል፤ አንድም የተቃወመ አልነበረም። ደወሉ ሰው ከማያየው ማማ ወርዶ ከገደሉ ማዶ ባለው የድርጅቱ ማደሪያ ግቢ እንዲሰቀልና እንግዶችን ለእራት እንዲጠራ ተወሰነ። ትራክተሩ ደወሉን ጭኖ ሲወርድ መንደርተኛው ሁሉ ወጥቶ ማየቱን አልክድም። ልጆች ተከትለው ሮጡ። እርስዎም ንግግር አደረጉ፤ ደወሉ ስንት ዘመን ብቻውን ለንፋስ ሲጮህ እንደኖረ፣ ከእንግዲህ ግን ለሰው እንደሚጮህ ተናገሩ። ማዳም ቴሬሎን ደግሞ በደወሉ ከንፈር ላይ የተቀረጸውን «የጠፉትን እጠራለሁ» የሚለውን ቃል በገበታ መጥረጊያው ወረቀት ላይ አሳተመችው። እስካሁንም እንግዶቹ አፋቸውን ይጠርጉበታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክሌማንስ እንግዶቿን ይዛ ደጋው ላይ ነበረች። እዚያ ላይ ስልክ አይሠራም። ስትመለስ ታየዋለች፣ ትደሰትበታለች፣ ድንገተኛ ስጦታ ይሆናታል ተባለ። ለድንገተኛው ስጦታ እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ስለዚያ ምሽት። እዚህ ላይ ደብዳቤዬ ረዘም ቢልብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎ የነበሩት በገበታው በኩል ስለሆነ በዚህኛው በኩል የሆነውን በሥርዓት የነገረዎ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ክሌማንስ ከደጋው ልትወርድ ስትል ጉሙ ወረደ። የሚደረገውን አደረገች፤ እረኞች ድሮ አይብ ይሠሩበት ወደ ነበረው የድንጋይ ጎጆ እንግዶቿን አስገባችና ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ሙስዩ ዴልፎርት የሉም። ከሰሜን የመጡ፣ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ላሞችን ፎቶ ሲያነሡ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የቀሩትን ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ ብላ ልትፈልጋቸው ወጣች። ጎጆው ውስጥ የነበሩት እንደነገሩን፣ ስማቸውን እየጠራች ስትዞር ድምፅዋ አንዴ ይቀርባቸው አንዴ ይርቃቸው ነበር።

ሙስዩ ዴልፎርት አልሰሟትም። የጆሮ መስሚያቸው በንፋሱ እያፏጨ ስላስቸገራቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተውት ነበር። በጉም ውስጥ እጃቸው የከብት አጥር ሽቦ ነካ፤ እሱን ይዘው እየተንፏቀቁ እስከ መኪናው መንገድ ወረዱ። የወተት መኪና አንሥቶ ማደሪያው በር ላይ አደረሳቸው። እርስዎ ራስዎ በር ላይ ተቀበሏቸው፣ የወይን ብርጭቆም ሰጧቸው። አንዱ ከደረሰ ሌሎቹም ከኋላ እየመጡ ነው ተባለ፤ ሽማግሌውም እንደ ሕፃን ጠፍቼ ነበር ለማለት አፈሩ። ታች ጉሙ የነካው የጣሪያ ጫፍ ብቻ ነበር። ድስቱ ወጥቷል፣ አሊጎው እንዳይቀዘቅዝ ያሠጋል። እርስዎም መቀነትዎን እንደታጠቁ ገመዱን ጎተቱ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ተደውሎ ቢቆም ኖሮ ነገሩ ምናልባት ሌላ ይሆን ነበር። ነገር ግን ቀደም ብለው የደረሱት ሌሎች እንግዶች ሁሉ ተራ በተራ መሞከር አማራቸው፤ ፎቶ መነሣትም ነበረ። ስለዚህ ደወሉ ያን ምሽት ሳያቋርጥ ረጅም ጊዜ ጮኸ፤ ልክ ሰው ሲጠፋ እንደሚደወለው አድርጎ።

ጎጆው ውስጥ የነበሩት ሲሰሙ ደነገጡ። እሷ ግን ከቅርብ ሆና ሣቀች ይላሉ።

«አይዟችሁ፣ እናቴ ናት የምትደውለው» ብላ ጮኸችላቸው። «ሙስዩ ዴልፎርትም ይሰሙታል፤ እዚያው እንገናኛለን። እናንተ ብቻ ቁጭ በሉ።»

በጉዞው መጀመሪያ ምሽት የደወሉን ደንብ ለሁሉም ነግራቸው ስለነበር ሽማግሌው ወደ ድምፁ እንደሚሄዱ አልተጠራጠረችም። ስለዚህ እሷም ወደ ድምፁ ሄደች።

መሬቱ ሲያዘቀዝቅባት ታውቋት ይሆናል። ድንጋዩ ሲበዛ፣ ሣሩ ሲያልቅ፣ ከታች የወንዙ ቅዝቃዜ ሲመጣ ታውቋት ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆም ነበር። ከዋና ከተማ የተቀጠረ መሪ ቢሆን ኖሮ ቆሞ እስኪነጋ ይጠብቅ ነበር። እኛ ግን ከልጅነታችን የተማርነው እንዳንቆም ነው። በማግስቱ ያገኘናት ከጎጆው እስከ ማደሪያው ግቢ ክር ቢዘረጋ ክሩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ገደሉ ሥር፣ ፊቷን ወደ ደወሉ እንዳዞረች።

እናቴ ያን ምሽት ቤት ነበረች። የራሷን ደወል ከገደሉ ማዶ ስትሰማ ምን እየሆነ እንዳለ የገባት እሷ ብቻ ናት። ባዶው ማማ ላይ ወጥታ ድስት በማማሰያ እየመታች ጮኸች። ድስት ግን ደወል አይሆንም። የእርስዎ ድምፅ ይበልጥ ነበር፣ ክቡር ከንቲባ።

አምስተኛ። እህቴ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

ስድስተኛ፣ ስለ ቸርነትዎ። የሚቀጥለው ዓመት የእግር ጉዞ «የክሌማንስ መንገድ» ተብሎ እንዲሰየም መወሰንዎን ሰምተናል። ፎቶዋ ያለበት ማስታወቂያም ደርሶናል፤ ጥሩ ፎቶ ነው፣ እየሣቀች ነው። ከሥሩ የጉዞው ደስታ፣ የአየሩ ንጽሕናና የአሊጎው ጣዕም ተጽፏል። ማስታወቂያው በየምሽቱ ከእራት በፊት ደወሉ ለመታሰቢያዋ እንደሚደወልም ይገልጻል። ይህንንም ቃልዎን የሚቀጥለውን ዓመት ሳይጠብቁ ፈጽመዋል፤ ከቀብሩ ወዲህ በየምሽቱ ሲደወል ሰንብቷል።

ቤታችን ምን እንደሚሆን ግን ማስታወቂያው ላይ ስለሌለ እኔ ልጨምርበት። ደወሉ ሲጮህ እናቴ ከያዘችው ሥራ ትነሣለች። መብራቱን መስኮት ላይ ታኖራለች። ሳህኑን ትጨምራለች። በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና መዝጊያውን ይዛ ትቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን ልማድ ነው ብዬ ተውኳት። አንድ ቀን አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ወደ ገደሉ እያየች፣ ስለ ዝናብ የምታወራ ያህል ረጋ ብላ ተናገረች።

«አሁን ጫፉ ጋ ደርሳለች።»

ደወሉ ሲያቆም በሩን ትዘጋለች፣ ሳህኑን ታነሣለች። በማግስቱ ደግሞ እንደገና። ነገሩ ለእናቴ እንዲህ ነው፤ ልጇ የምትሄደው ወደሚጠራት ነው፣ በጠሯት ቁጥር ትሄዳለች፣ የሚጠሯት ከዚያ እስከሆነ ድረስ የምትደርሰው እዚያው ገደል ነው። የሳይንስ ተማሪ ስለሆንኩ ይህ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ጉም ባለበት ምሽት እኔም ጆሮዬን ቀስሬ እቆማለሁ፤ ከግጦሹ ሜዳ በኩል የጫማ ኮቴ ሲመጣ ይሰማኛል። ወደ ቤታችን ይቃረብና ደወሉ ከማዶ ሲነሣ ዞሮ ይሄዳል። አዳሪ ቤት ሆኜ እንኳ የምግብ አዳራሹ ደወል ሲጮህ ተነሥቼ በሩን እከፍታለሁ። ልጆቹ ይሥቁብኛል፤ «ማን መጣ ባስቲያን? አስገባው እንጂ!» ይላሉ። እኔም አብሬ እሥቃለሁ።

ሙስዩ ዴልፎርት በመስከረም እንደገና መጡ። ለጉዞ አልመጡም፤ እኛ ቤት ነው የመጡት። ኮፍያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው «ማዳም፣ ስትጠራ የነበረው እኮ እኔን ነው» አሉ። እናቴ ትርፉን ሳህን ጎትታ ሾርባ ቀዳችላቸው።

«ይቀመጡ። ሳህኑ ለመጣ ሰው ነው፤ እርስዎ መጥተዋል። ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል።»

እያለቀሱ በሉ። በማደሪያው ገበታ ከቀረቡት ምግቦች ሁሉ የሚበልጥ ነው ብዬ አልልም፤ ጎመንና ድንች ነበር።

ሰባተኛውና የመጨረሻው፣ ለጥያቄያችን ስለ ሰጡን ፈጣን መልስ ነው። እናቴ ደወሉ እንዲመለስ በትሕትና ብትጠይቅ ሦስት ምክንያት ሰጥተዋታል። የማማው ደረጃ ስለተሸራረፈ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው፤ ለሰው ሕይወት ስላሰቡ እናመሰግናለን። የዓመቱ ማስታወቂያ ታትሟል፤ የታተመ ነገር እንደማይመለስ፣ ሌላው ግን ሁሉ እንደሚለመድ ተምረናል። በመጨረሻም በዚህ ዘመን ማንም ሰው በደወል መንገድ እንደማይፈልግ አስረድተዋታል። ይህ የመጨረሻው እውነት ነው፤ የሚፈልግ አንድ ሰው ነበረ፣ አሁን የለም። እናቴ መልስዎን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ምድጃ ውስጥ ስላስቀመጠችው ዳግመኛ እንዲጽፉላት አላስቸግርዎትም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ካሣ አልፈልግም፣ ማንም ከሥልጣኑ እንዲወርድ አልፈልግም፣ በስሟ የሚጠራ መንገድም አልፈልግም። ክፉ ሰው ነዎት ብዬም አላምንም፤ ደወል ድምፅ ብቻ የመሰለዎት ሰው ነዎት፣ ያን ዕለት ለሁላችንም እንደዚያው መስሎን ነበር። የምፈልገው እናቴ ወደ ማማው ወጥታ፣ በራሷ እጅ፣ ከትክክለኛው ቦታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እስኪበቃት ድረስ እንድትደውል ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ባይመጣ ማንም አልመጣም ብለን በሩን እንዘጋለን።

ባለ ሦስት ቀለም መቀነትዎን፣ ሙሉ ድምፅ ያልተለየውን ምክር ቤትዎንና ከቶ የማይቀዘቅዘውን ገበታዎን በሩቁ እየተሳለምኩ፣ ዕድሜ ለመምረጥ እስኪፈቅድልኝ ድረስ ታጋሽ፣ ከዚያም በኋላ የማልረሳ ነዋሪዎ መሆኔን በታላቅ አክብሮት አረጋግጣለሁ።

ባስቲያን ሩቪዬር
የክሌማንስ ወንድም፣ ላይኛው መንደር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ማታ ደወሉ አልጮህ ብሎ በእንግዶችዎ ፊት እንዳሳፈረዎ ሰማሁ፤ አዝናለሁ። ውስጡ ተንጠልጥሎ የሚመታው ብረት አልተሰረቀም፤ ማማው ላይ፣ በቦታው ሰቅዬዋለሁ። ደወሉ ራሱ ግን ለአንድ ሰው ስለሚከብድ እሱን እርስዎ እንዲያመጡልን እለምናለሁ፤ ትራክተሩ መንገዱን ያውቀዋል። እናቴ ትናንት ከገበታ ሳትነሣ እራቷን በልታ ጨረሰች። ነገሩ ስርቆት ነው ካሉ ፖሊሶቹን ይላኩ፣ ቤት ነኝ። በጉም ቀን ብቻ እንዳይመጡ አደራ፤ መንገድ ቢስቱ የሚጠራቸው የለም።